ቅጥራኑ በየት በኩል ይወጣ ነበር? የኢርያ ፓሎካንጋስ ዜና ሕይወት

ከዚህ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የተሰበሰባችሁ ዘመዶችና ጎረቤቶች፣ ከኦውሉና ከሄልሲንኪ ድረስ የመጣችሁ የሥራ ባልደረቦች፣ መንገዱ ረጅም ቀኑም አጭር ሆኖ ሳለ መጥታችሁ አፈር ስላለበሳችሁልን እግዚአብሔር ያክብራችሁ። ይህን ዜና ሕይወት የጻፈው አባታቸው ኤሜሊ ነው። አባት ልጁን አንቱ ብሎ አያውቅም፤ የቀብር ወግ ግን እንዲህ ነውና ዛሬ አንቱ ይባላሉ።

ኢርያ ፓሎካንጋስ ከአባታቸው ከኤሜሊ ፓሎካንጋስና ከእናታቸው ከሂልያ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የመጨረሻ መኸር ተወለዱ። የተወለዱትም በገዛ ቤታቸው አልነበረም። በከሚ ወንዝ ዳርና ዳር ያለው ሕዝብ ሁሉ ላሙን እየነዳ፣ ልጁን በጋሪ ጭኖ ወደ ስዊድን ሲሰደድ እናታቸው ነፍሰ ጡር ሆነው ድንበሩን ተሻገሩና፣ ስደተኛ በተጠለለበት በአንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ፣ በገለባ ፍራሽ ላይ፣ ስማቸውን እንኳ በማያውቁ ሴቶች መካከል ተገላገሉ። አባት በዚያን ጊዜ ጦር ሜዳ ነበር፤ ልጅ መወለዷን የሰማው ከወር በኋላ ነው።

በጸደይ ወደ መንደራቸው ሲመለሱ የሚያፈገፍገው የጀርመን ጦር መንደሩን አቃጥሎት ሄዶ ነበርና፣ ከፓሎካንጋስ ቤት የቆመው የጭስ ማውጫውና ከወንዙ ዳር ያለችው የእንፋሎት መታጠቢያ ጎጆ፣ ሳውናዋ፣ ብቻ ነበሩ። ያን በጋ ሦስቱም በሳውናዋ ውስጥ እየኖሩ፣ አባት አዲሱን ቤት በአሮጌው ዐመድ ላይ ሠራ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለድንች ማከማቻ ጓዳ ሲቆፈር ትንሿ ኢርያ ከጉድጓዱ አፍ ተቀምጠው ሲያዩ፣ በቢጫው አሸዋ መካከል እንደ ክር የተሰመረ ጥቁር መሥመር፣ በውስጡም የቀለጠ መስታወትና የተጣመመ ምስማር አዩ። ይህ ጥቁር ነገር ምንድን ነው ብለው እናታቸውን ጠየቁ። እናታቸውም ከሥራቸው ቀና ሳይሉ «እሱ እኛ ነን፤ የዱሮው ቤታችን ነው» አሏቸው። ኢርያ በኋላ ለተማሪዎቻቸው ሲናገሩ፣ የመጀመሪያውን ትምህርት የተማርኩት ከዚያ ጓዳ ነው ይሉ እንደነበር ተማሪዎቻቸው ነግረውናል። ለእናታቸው ግን አንድም ቀን አልነገሯቸውም፤ በቤታችን እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደሩ ትምህርት ቤት፣ ክረምቱን በበረዶ መንሸራተቻ፣ በጋውን በጀልባ እየተመላለሱ ተማሩ። አስተማሪያቸው ጎበዝ ናት ብሎ አባትን ሲያስጠራ፣ አባት ከብት ሳያጠጣ መጠራቱ ስላስቆጣው መልስ ሳይሰጥ ተመለሰ። ጎበዝ መሆናቸውን ከዚያ በፊት ያውቅ ነበር። ያወቀውም በተርቫሃርዩ ነው።

ተርቫሃርዩ ከማሳችን በላይ ያለው ረጅም የአሸዋ ጉብታ ነው፤ ስሙም የቅጥራን ጉብታ ማለት ነው። በጀርባው ላይ የድንጋይ ሽበትና ጥድ የሸፈናቸው ሰፋፊ ጎድጓዳ ቦታዎች ተርታውን ይዘዋል። ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ እነዚህ ሁሉ የቅጥራን ጉድጓዶች ናቸው ሲባል ኖሯል። ቅጥራን የሚያወጣ ሰው ጉድጓዱን እንደ ማጥለያ አድርጎ ቆፍሮ፣ የጥድ ሥር ሞልቶ፣ በሣር አፈር ከድኖ እያፈነ ያቃጥለዋል፤ ቅጥራኑም በጉድጓዱ ታች በተቀበረ የእንጨት ቦይ እየተንጠባጠበ ወደ በርሜል ይወርዳል። ቦይ የሌለው የቅጥራን ጉድጓድ፣ አፍ የሌለው ጡት ማለት ነው። ኢርያ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናቸው ከአባታቸው ጋር ቀይ የጫካ እንጆሪ ሊለቅሙ ወጥተው፣ ቅርጫታቸውን አስቀምጠው አንዱን ጎድጓዳ ዙሪያውን ደጋግመው ዞሩና «አባባ፣ ቅጥራኑ በየት በኩል ይወጣ ነበር?» ብለው ጠየቁ።

አባትም «የቅጥራን ነው ተባለ፣ የቅጥራን ነው። እንጆሪሽን ልቀሚ» አለ።

እንጆሪያቸውን ለቀሙ። ጥያቄውን ግን በልጅነታቸው አልተዉትም፤ አባትም ከዚያን ቀን በኋላ በጉብታው ባለፈ ቁጥር ዓይኑ ቦይ ይፈልግ ነበር፤ አንድም አላገኘም።

የሁለተኛ ደረጃን ትምህርት በከሚ ከተማ ጨርሰው ሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የአርኪዮሎጂ ትምህርት እንደሚማሩ ሲናገሩ፣ ማለትም ከጥንት ሰዎች የተረፈውን ድንጋይና ሸክላ ከመሬት ውስጥ እያወጡ እንደሚያጠኑ ሲያስረዱ፣ አባት «እኛ ከማሳችን ድንጋይ ስንለቅም ዕድሜያችን አለቀ፤ አንቺ ለመልቀም ትምህርት ቤት ትሄጃለሽ?» ማለቱ እውነት ነው። እናታቸው ግን የሱፍ ሹራባቸውን፣ የገብስ ቂጣና የደረቀ ሥጋ ሻንጣቸው ውስጥ አድርገው፣ አባትሽ እሺ ሲል እንዲህ ነው የሚናገረው ብለው ባቡር ላይ አሳፈሯቸው።

ኢርያ ትምህርታቸውን በማዕረግ ከፈጸሙ በኋላ የመጀመሪያውን የራሳቸውን ቁፋሮ በገዛ ጉብታቸው ጀመሩ። በተርቫሃርዩ ያሉት ጎድጓዳዎች የጥንት ሰዎች ቤት የነበረባቸው ናቸው፣ ጣሪያው በስብሶ ወለሉ ብቻ ቀርቶ ነው የሚል እምነት ነበራቸውና፣ ትልቁንና ለመንገድ የቀረበውን መርጠው ግማሹን ቆፈሩ። ሸክላ አገኙ፣ የተጠረበ ነጭ ድንጋይ አገኙ፣ ብዙ ከሰልም አገኙ። ከሰሉንም ዕድሜ ወደሚለካበት ቤተ ሙከራ ላኩት። አምስት ወይም ስድስት ሺህ ዓመት ብለው ሲጠብቁ የመጣው መልስ ከሁለት መቶ ዓመት እምብዛም የማይበልጥ ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአባት አያት የነበሩት ኢሳኪ ፓሎካንጋስ ድካም የሚቆጥቡ ሰው ነበሩ። እርሳቸውም ከእርሳቸው በፊት የነበሩትም ቅጥራን ሊያወጡ ሲፈልጉ አዲስ ጉድጓድ ከመቆፈር ይልቅ የተገኘውን ጎድጓዳ ተጠቀሙበት። ያቺ አንዲት ጉድጓድ ቦይ ነበራት፤ ከድንጋይ ሽበቱ ሥር የተደበቀ። ከሰሉም በዛፍ ሥርና በአይጥ መንገድ እየወረደ ከጥንቱ ወለል ጋር ተቀላቅሎ ነበር። መንደሩ ሁሉ የጥንቱን ቤት የቅጥራን ጉድጓድ ነው ሲል ተሳስቶ ኖረ፤ ኢርያ ደግሞ የቅጥራኑን ከሰል የጥንት ቤት ምድጃ ነው ብለው ተሳሳቱ።

በሄልሲንኪ በተደረገው የሊቃውንት ጉባኤ፣ ስማቸው ዛሬ መጠራት የማያስፈልገው አንድ ትልቅ ሰው ተነሥተው፣ ወይዘሪት ፓሎካንጋስ የቅድመ አያታቸውን በርሜል ስላገኙ እንኳን ደስ አላቸው ብለው አዳራሹን አሳቁት። ወሬው ከእርሳቸው ቀድሞ መንደር ደረሰ። በሱቁ በር ላይ ሲያልፉ «የቅጥራን ዶክተር መጣች፤ ጀልባችንን ትቀባልን እንደሆን ጠይቋት» ተባለ። ያ ስም እስከ ዕለተ ሞታቸው አልለቀቃቸውም፤ እውነተኛ ዶክተር ከሆኑ በኋላ ግን ስልክ ሲያነሡ ራሳቸው «የቅጥራን ዶክተር ነኝ» ይሉ ጀመር፤ የሚሳደብበትም ጠፋ።

በዚያ ሰሞን ግን አልሳቁም። ከሳውናዋ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ወንዙን ሲያዩ አባት መጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። ኢርያም «የቦዩን ነገር ልጅ ሳለሁ ጠይቄው ነበር፤ ሳድግ ረሳሁት» አሉ።

አባትም «እንግዲያ አሁን ጠይቂው» አላቸው።

ከዚያ ወዲያ ጠየቁት። በየትኛውም ጎድጓዳ ቦታ ከመግባታቸው አስቀድመው ከውጭ በኩል፣ በታችኛው ተዳፋት፣ የቦዩን አፍ ሳይፈልጉ አንድ አካፋ አፈር አንሥተው አያውቁም። ይህን ደንብ ከእርሳቸው የተማሩ በዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ። በበጋ በበጋው፣ ትንኙ ዓይን እየነሣ፣ ከከሚ ወንዝ እስከ ሲሞ ወንዝ ያሉትን ጉብታዎች አንድ በአንድ መረመሩ። አገራችን ከባሕር ውስጥ ቀስ እያለች የምትነሣ መሆኗን የአያቱ የጀልባ ቤት ዛሬ በሣር ሜዳ መካከል የቆመበት ገበሬ ሁሉ ያውቃል። ከፍ ብሎ የሚገኘው ዳርቻ የቀደሙት ሰዎች ነው፤ ዝቅ ያለው የኋለኞቹ ነው። ስለዚህ የያንዳንዱ ጉድጓድ ከፍታ በትክክል መለካት ነበረበት። ለዚሁ የተቀጠሩት የመሬት ቀያሽ ቶርስቲ ሁለት በጋ ሙሉ ከፍታ ሲለኩላቸው ከርመው በሦስተኛው በጋ የሚለካ ነገር ባለቀ ጊዜም መምጣታቸውን አላቋረጡም። እናታቸው ሂልያ «ያ ሰውዬ ጉብታውን ጨርሶ አሁን አንቺን እየለካ ነው፤ ቁርጡን ንገሪው» አሏቸው። በበጋው ረጅም ቀን በዓል ዕለት በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ተጋቡ። እግዚአብሔርም አንዲት ልጅ፣ ኡላን ሰጣቸው።

ሥራቸው ምን እንደነበር አባት እንደ ገባው ይናገራል። በአገራችን ከሁሉ በፊት የገቡት ሰዎች ሸክላ የማያውቁ፣ ነጭ ድንጋይ የሚጠርቡ፣ ሬሳቸውን በቀይ አፈር የሚሸፍኑ ነበሩ። ከእነርሱ በኋላ የመጡት ሸክላቸውን ከአፉ እስከ ታቹ በማበጠሪያ ጥርስ እየወጉ ያስጌጡ ነበር። ከእነዚያም በኋላ የመጡት አስቤስቶስ የሚባለውን እንደ ክር የሚተረተር ድንጋይ ከጭቃው ጋር ለውሰው ወፍራም ማሰሮ ይሠሩ ነበር። ኢርያ ሸክላውን የሚያጥቡት በሳውናው ባልዲ ስለነበረ እናታቸው በየቅዳሜው ይቆጧቸው ነበር፤ ሳውና በሕይወት ላሉ ሰዎች ነው፣ ያንቺ ሰዎች ላብ ካላቸው ተራቸውን ይጠብቁ ይሏቸው ነበር።

ያ የጉባኤው ትልቅ ሰው ግን፣ በማበጠሪያ የወጉትና ድንጋይ የለወሱት አንድ ሕዝብ ናቸው፤ ሰው የማሰሮ ዓይነት ስለለወጠ ሌላ ሕዝብ አይሆንም፤ የወይዘሮ ኢርያ ልዩነት ሁሉ የቅጥራን ሠሪዎች ያማሰሉት አሸዋ ነው እያሉ ጻፉ። ኢርያ በሌላ ስፍራ የቱንም ያህል ማስረጃ ቢያቀርቡ እርሳቸው ያችኑ የመጀመሪያዋን ጉድጓድ ይጠቅሱ ነበር። አባት አንድ ቀን፣ ድርቆሽ ሲያነሡ፣ ይህ ሁሉ ሙግት ምን ያደርግልሻል፣ አንድም ሆኑ ሁለት ሁሉም ሞተዋል አላቸው። ኢርያ መንሻቸውን መሬት ተክለው «ከሺህ ዓመት በኋላ አንዱ መጥቶ ጓዳችንን ቢቆፍርና፣ የተቃጠሉትና ያቃጠሏቸው አንድ ሕዝብ ነበሩ ብሎ ቢጽፍ፣ አባባ፣ ደስ ይልሃል?» አሉት።

አባት ድርቆሹን ማንሣት ቀጠለ። ነገሩ ግን ገባው። እናታቸው ሂልያ ካረፉ በኋላ ታናሽ ወንድማቸው ኦይቫ እርሻውን ተረክቦ የጉብታውን አሸዋ ለመንገድ ሥራ ልሽጥ ብሎ በተነሣ ጊዜ፣ ለሞቱ ሰዎች ቦታ አለን፣ ለትራክተር ማዞሪያ ግን የለንም እያለ ቢከራከርም፣ አባት «ጉብታውን ተወው» አለ። ኦይቫም ተወው። ቅር ብሎት ነበር፤ ዛሬ ግን ሬሳውን ከፊት ሆኖ የተሸከመው እርሱ ነው።

ባለፈው ክረምት ኢርያ ታመሙ። በኦውሉ ሆስፒታል ተመርምረው የጡት ካንሰር መሆኑና ወደ አጥንታቸው መግባቱ ተነገራቸው። ሐኪሙ ስንት በጋ እንደቀራቸው ሲጠየቅ አንድ አለ። እርሳቸውም አንድ ይበቃል ብለው፣ ያችን የተሳሳቱባትን ጉድጓድ፣ ሳይቆፈር የቀረውን ግማሿን ለመክፈት ወሰኑ። ኦይቫ ከሆስፒታል ሲያመጣቸው በመኪና ውስጥ «አሁን እንኳ ተኝተሽ ብታርፊ ምናለ?» ቢላቸው «ተኝቼ ነው የምቆፍረው» አሉ። እንዳሉትም አደረጉ። በአጋዘን ቆዳ ላይ በጎናቸው ተኝተው፣ ከትንሽ የግንበኛ ማንኪያ በቀር ምንም ሳይዙ፣ እየፋቁ ሠሩ። ቶርስቲ ከፍታውን ለኩ፣ ኡላ አፈሩን ነፋች፣ አባት ገመዱን ያዘ።

አስቀድመው ቦዩን ከፈቱ። እንጨቱ በስብሶ ሳለ ፀሐይ ሲነካው የቅጥራኑ ሽታ ገና ትኩስ ሆኖ ወጣ፤ ኢርያ ዓይናቸውን ጨፍነው አሸተቱትና «እንኳን ደህና መጡ ኢሳኪ» አሉ። ቅጥራኑ የወረደበትን መንገድ ከአፉ ወደ ላይ እየተከተሉ የቅጥራኑን ከሰል ለብቻ አነሡ። ከእርሱ ሥር ድንጋይ የለወሱት ሰዎች ወለልና ምድጃ ወጣ። ከዚያም ሥር የሰው እጅ ያልነካው፣ ከሰል የሌለበት፣ ነፋስና ውኃ ብቻ ያለበሱት ንጹሕ አሸዋ ወጣ፤ በስንዝር የሚለካ። ከንጹሑ አሸዋ ሥር ደግሞ በማበጠሪያ የወጉት ሰዎች ወለል፣ ማሰሮአቸው ከወደቀበት ሳይነሣ ተገኘ። የታችኞቹ ሄደው የላይኞቹ እስኪመጡ ድረስ ያ ቤት ረጅም ዘመን ባዶ ነበር።

ኢርያ ለዚያ ለትልቁ ሰው ስልክ አስደውለው ይምጡና ይዩ አሏቸው። ሽማግሌው በባቡር መጡ። ዛሬም እዚህ አሉ፤ ስለ መምጣታቸው እናመሰግናቸዋለን። የዓሣ ሾርባ ቀምሰው ወደ ጉብታው ሲወጡ ኢርያ ማንኪያቸውን ብቻ አቀበሏቸው። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው በጉልበታቸው ወረዱና የጉድጓዱን ግድግዳ ራሳቸው ፋቁት። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ አዩት። ከዚያም «ሁለት ናቸው» አሉ።

ኢርያ ከአጋዘን ቆዳው ላይ ሆነው «ሦስት» አሉ። «የእኛዎቹን አይርሱ።»

በጋው ሲያልቅ ጉድጓዱ ተሞላ። የኢርያ ልማድ፣ ቆፍረው የጨረሱትን ጉድጓድ ከመሙላታቸው በፊት ያ ዓመት የተጻፈበትን አንድ ማርካ ሳንቲም ከታች ማስቀመጥ ነበር፤ ከሺህ ዓመት በኋላ የሚመጣው ቆፋሪ እስከዚህ ድረስ ሌላ ሰው ደርሶ እንደነበር አውቆ እንዳይሳሳት። ጎንበስ ማለት ስላልቻሉ በዚህ ጊዜ ሳንቲሙን ለአባታቸው ሰጡት፤ እርሱም አስቀመጠው።

ከሦስቱም ንብርብር የተወሰደው ከሰል ተለክቶ ውጤቱ በስልክ ሲነገር ኢርያ ከአልጋቸው መነሣት አቁመው ነበር። ስልኩን ያነሡት ቶርስቲ የሁለቱም ወለል ዕድሜ እንደታሰበው ለየብቻው መሆኑን ነገሯቸው። ኢርያም «ኢሳኪስ?» አሉ። እርሳቸውም በቦታቸው ናቸው አሏቸው። «እንግዲያ አትደባልቋቸው» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም በዚያው በአባታቸው ቤት፣ በአሮጌው ዐመድ ላይ በተሠራው ቤት፣ በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው አረፉ።

ኢርያ ፓሎካንጋስ አባታቸውን ኤሜሊን፣ ባለቤታቸውን ቶርስቲን፣ ልጃቸውን ኡላን፣ ወንድማቸውን ኦይቫን ከነቤተሰቡ፣ እንዲሁም አስቀድመው ቦዩን የሚፈልጉ ብዙ ተማሪዎችን ትተው ሄደዋል። እናታቸው ሂልያ በዚያው የመቃብር ረድፍ ቀድመዋቸው ይጠብቋቸዋል።

መቃብሩን ዛሬ ጠዋት እንደ አገራችን ልማድ ወንድማቸውና ጎረቤቶች በአካፋ ሞልተዋል። አሸዋው የተርቫሃርዩ አሸዋ ነው። ከመሞላቱ በፊት አባት ከሬሳ ሣጥኑ አጠገብ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ሲያኖር ያያችሁ፣ ምን እንደሆነ ጠይቃችኋልና መልሱ ይህ ነው፤ የዚህ ዓመት አንድ ማርካ ነው። ማን ከማን ጋር እንደተቀበረ፣ በየትኛውም ዘመን የሚመጣ ሰው እንዳይደባልቅ ነው።

በማበጠሪያ የወጉትን፣ ድንጋይ የለወሱትን፣ ቅጥራን ያነጠሩትን፣ እኛ ስማቸውን የማናውቀውን ሁሉ በየስማቸው ለይቶ የሚያውቅ አምላክ፣ የልጃችንንም ስም ይጥራ፤ ነፍሳቸውንም ከቅዱሳኑ ጋር ያሳርፍልን። አሜን።

ኢርያ፣ በደህና ተኚ።